ዳኛ የሌለው ዕቁብ

ረምዚ ባጃጁን ሸጠ፤
ያቺን ሰማያዊ፣ ከኋላዋ «ምን ይጠበስ» የተለጠፈባትን፣
ከለገሃሬ ሳቢያን ስንት ሙሽራ፣ ስንት ምጥ የሮጠባትን።
ሸጠና፣ ከኒሙ ጥላ፣ ከዱካዬ አጠገብ ተቀመጠ።
«እየው ጋሼ» አለኝ፣ ድሬ አንቱታ አታውቅ፣ ስልኩን ዘረጋ፤
«ይኸ መስመር፣ አቦ፣ ነገ ሲነጋ…»
በጣቱ ሰማይ ወጋ።

እኔ የዕቁብ ዳኛ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት
በአሸዋ ገበያ፣ ከቅመም በረንዳ እስከ ልብስ ሰፊ ቤት፣
ጣቴን ምራቅ እያስነካሁ
ላብ የጠጣ፣ በርበሬ የሸተተ ብር ስቆጥር የኖርሁ።
የማውቀውን ጠየቅሁ።

«ዳኛው ማነው?»
«ዳኛ የለውም።»
«ጸሐፊውስ?»
«ሁሉም ይጽፈዋል፣ ማንም አይሰርዘውም።»
«ዋስ?»
ሳቀ። «ዋስ አያስፈልገውም።»
«አንዱ በልቶ ቢጠፋ፣ የማንን በር እናንኳኳ?»

ዝም አለ። ከዚያ በተራው፣
«ያ የድሮ ዳኛችሁስ፣ በሌሊት ባቡር ጅቡቲ የገባው?»

አንኳኳን። ሚስቱ ከፈተች። እያለቀሰች ውሃ ሰጠችን።
በአራተኛው ዓመት፣ አምባሯን ሸጣ፣ ግማሹን መለሰችልን።
በር እንዲህ ነው።

«ብሩስ?» አለኝ ደግሞ። «ዘይት አምና በስንት ገዛህ?»
ለዚህ መልስ የለኝም።
በድሬ ፀሐይ በረዶ የያዘ ሰው ነኝ፤
ቢጨብጠው ቢለቀው፣ አይከርምም።

«ማሽን ነው የሚቆፍረው፣ በመብራት፣ ቀን ከሌት—»
መብራት ሄደ።
ማዶ፣ የፀጉር አስተካካዩ መላጫ ከግማሽ ጢም ላይ ቆመ፤
ሰውየው ግማሽ ፊቱን ይዞ ወጣና ከእኛ ጋር ጥላ ተሻማ።

ደቻቱን አውቀዋለሁ።
ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ያንከባልሉበታል፣
ግመል ሳይቸኩል ያቋርጠዋል፣
ወንዝ ነው ብትለው እንግዳ ይስቃል።
ዝናቡ እዚህ አይጥልም፤ ወደ ደንገጎ ነው፣ ባላየነው ሰማይ፤
ድምፁን የምንሰማው አልጋችን ላይ።
ይህን ለረምዚ አልነገርኩትም።
የደቻቱ ልጅ ነው፤ ከእኔ ይልቅ ያውቃል።

በሦስተኛው ወር መጣ፣ የሰው ባጃጅ እየነዳ።
ስለ መስመሩ አልጠየቅሁትም፤
ተመልሶ ወጥቷል ይላሉ። ይውጣ።
«ዕቁብ ልግባ» አለኝ። ደብተሬን ገለጥሁ።
«ዋስህ ማነው?»
መንገዱን አየ፣ ኒሙን አየ፣
ኋላ እኔን አየኝ።

እስክሪብቶው አልጽፍ አለ።
ጫፉን ምራቅ አስነክቼ
ስሜን ጻፍሁ።