ቀይ መብራት

ዊኒፔግ፣ ጥር ነው፤ ቁልፉ ከጣት ይጣበቃል፤
መስታወቱ በረዶ ለብሷል፤
ከኋላ ግን አምፕሊፋየሩ
እጅ አያስነካም፣ ይፋጃል።
ሦስት ዘፈን ይጫወታል፣
አራተኛው ላይ ቀይ አብርቶ ዝም ይላል።

«አለቀለት፣ ሌላ ግዛ» አለ ጥጋቡ፣ ጎማ እየነፋ፤
የኋላውን ኮፈን ከፈትኩ፣ ትንፋሼ ጭስ ሆኖ እየጠፋ።

መጀመሪያ ምንጣፉን ገፈፍኩ፣
የብረት ክንፎቹን ያፈነውን፤
ቀጥሎ ጌይኑን ዝቅ፣
ድምፅ መስሎኝ እስከ ጥግ ያዞርኩትን።
አሁንም ይግላል።
የመሬቱን ሽቦ ስስበው
ብረት አልነከሰም ለካ፤
ቀለም ላይ ነው የታሰረው፣
ከላይ ጠበቅ ያለ፣
ከሥር ምንም ያልነካ።

ያሰረው ሱራፌል ነው፣ ወንድሜ፣ ሐምሌ ላይ፣ በዚሁ ደጅ፤
«ይበቃል፣ ቶሎ በል» ያልኩት እኔው ነኝ፣
ብርጭቆ ወረቀቱ ሳለ በእጅ።

እሱም ሲግል ዝም ይላል።
ከመስከረም ወዲህ ስልኬን አያነሳም፤
«አለቀለት» ብያለሁ እኔም።

ቀለሙን ፋቅሁ ብረቱ እስኪያበራ፤
ቡሎኑን አጠበቅሁ፤ ቀዩ ጠፋ፣ አረንጓዴው በራ።
አራተኛው ዘፈን አለፈ፣ አምስተኛውም፤
ክንፉን ዳሰስኩት፣
ለብ ይላል እንጂ አይፋጅም።

ስልክ የበረደ ጣት አያውቅም።
ጣቴን እዚያው ላይ አሙቄ
የሱራፌልን ስም ነካሁ።
ይጠራል።