ጊዜዋ በጠርሙስ

ቀን በአደባባዩ «ሥር ማሽ» ብሎ የሰደበኝ፣
ሌት ልጁ ሲቃዥበት በጓሮ ቀሰቀሰኝ።
እንዲህ ነው የኖርኩት፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣
ቀን እየተጸየፉኝ፣ ማታ እየተማለሉ።

አሁን ዘበኛ ነኝ።
ደብረ ማርቆስ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ከኋላ ያለው ቤት፤
ካፖርት፣ ባትሪ፣ ዱላ፤ ሌላ የለኝም ንብረት።

አንድ ሌሊት ታዲያ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰች፣
የሻረግ የምትባል፣ ከቢቸና የመጣች፣
በሩን ገርበብ አርጋ፣ «ጋሼ ቢያድግልኝ፣
ይግቡ፣ ሥር ላሳይዎ» ስትል ሳቄ መጣብኝ።
ለእኔ! ሥር!

ጫማ አስወለቀችኝ፣ እንደ መቅደስ ደጃፍ፤
እጄን በአልኮል አሸችኝ፣ እስከ ጥፍሬ ጫፍ።
ጠርሙስ በጠርሙስ ነው መደርደሪያው ሁሉ፤
አፈር የለ፣ ግንድ የለ፣ የት ሄደ ቅጠሉ?
ሥር ብቻ፣ ፀጉራም ሥር፣ ነጭ እንደ ጢሜ፣
ውኃ ውስጥ ሲዋኝ አየሁ፣ ቀረሁ እዚያው ቆሜ።
ጠረጴዛው በራሱ ይወዛወዛል፣ ቀስ ብሎ፣
ሕፃን እንደ ታቀፈ ሰው።
«የምንድነው ሥሩ?» አልኳት።
«የጊዜዋ ነው።»

ጊዜዋ! ስንቴ ማስኩት፣ ረቡዕ ጎህ ሳይቀድ፣
ከሰው ሳልነጋገር፣ ብረት ሳይነካው በቀንድ፣
ጨሞጋ ዳር ወርጄ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሬ፣
የአባቴን ቃል ቋጥሬ፣ እንዳይሰማ አገሬ።
ሥሩ እጄ ሲገባ ግንዱ እዚያው ይጠወልጋል፤
አንድ ሰው ባከምኩ ቁጥር አንድ ጉድጓድ ይቀራል።
እኔ ቆጥሬ አላውቅም የጉድጓዱን ብዛት፤
ዳገቱ ግን ቆጥሮታል። ሄዳችሁ እዩት፣ ራቁት።

«ቅጠሉን በመርፌ ጫፍ እወጋዋለሁ» አለች፤
«በቁስሉ በኩል አንዲት ባክቴሪያ ትገባለች።
የራሷን ፊደል ትጽፋለች በተክሉ ሕዋስ ላይ፤
ቅጠሉም ቅጠልነቱን ይረሳል፤
ከቁስሉ አፍ ሥር ያበቅላል፣ ሳያይ አፈር፣ ሳያይ ፀሐይ።»

እኔም ጸሐፊ ነበርኩ። ክታብ ስደግም ኖሬ፣
በብራና፣ በቀለም፣ በሰው አንገት አስሬ።
ይህቺ ግን፣ ዋሸራ ያልወረደች፣ ጎንጅ ያላደረች ተማሪ፣
ብዕር ሳትቀርጽ ጻፈች። ማን ይሆን የእሷስ መምህሯ፣ መሪ?

በሰኔ፣ «ከዱር አዲስ ቅጠል ቢገኝ» አለችኝ፤ «ይህ ሊያረጅ ነው።»
የመጨረሻዋ የት እንዳለች፣ ከእኔ በቀር የሚያውቅ ማነው?
ረቡዕ ወረድኩ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ አፌን እንደ ዘጋሁ፣
ቀንዱን በብብቴ ይዤ፤ ልማድ ነው፣ መተው አቃተኝ።
ከገደሉ ሥር ቆማለች፤ ቀጭን፣ ጤዛ ያዘላት።
ቀንዱ ከብብቴ አልወጣም።
ሁለት ቅጠል ቀጠፍኩና፣ አፈሯን በእግሬ ጠቅጥቄ ወጣሁ፤
ጊዜዋን ልነቅል ሄጄ፣ ጊዜዋን ሰጥቻት መጣሁ።

ትናንት መብራት ሄደ።
ጄኔሬተር አለ፤ ናፍጣ የለም።
ጠረጴዛው ቆመ፤ ለካ ሥርም ትንፋሽ ያጥረዋል።
የሻረግ በስልክ፦ «ጋሼ፣ በእጅዎ ያወዛውዙልኝ፣ እስኪነጋ!»
አሥራ አራት ጠርሙስ፣ ሁለት እጅ።
ልጅ አሳድጌ አላውቅም። በባትሪ ጭላንጭል፣
አንዱን አስቀምጬ አንዱን ሳነሣ፣
እሹሩሩ ስል አደርኩ፣ ለነቀልኩት ሁሉ ካሣ።

ሲነጋ መጣች፣ ዓይኗ ቀልቶ፤
ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አነሣችው።
«ያድናል?» አልኳት።
«ገና ነው» አለች፤ «እየለካን ነው።»

አባቴ እንዲህ ያለ መልስ ለሰው ሰጥቶ አያውቅም።
እኔም ሠላሳ ዓመት፣ ደጄ ላይ ለቆመ ሁሉ፣
አንድ ቀን እንኳ «ገና» አላልኩም።