ቁልፍ

ስሜ ኤሌውቴሪዮ፥ ሥራዬ መጎተት፤
የተጣመመ ብረት፥ የተሰበረ አንገት፤
ብረቱ የእኔ ድርሻ፥ አንገቱ የሐኪም፤
ሃያ ሁለት ዓመት ተሻምተን አናውቅም።

የአታካማ መንገድ እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው፤
ሰውን የሚጨርሰው ይኸው ቀጥ ማለቱ ነው።
ዳገት የለው፥ ቁልቁል፤ ዛፍ የለው፥ ጥላ፤
ሥራ የፈታ እጅ ያስባል ሌላ።

መንገድ ላይ ለወጣች ነፍስ፥ በእኛ አገር፥ ቤት ይሠራላታል፤
የርግብ ቤት ታህላለች፤ ሰው «አኒሚታ» ይላታል፤
ሻማ ይበራላታል፤
በረሃ ነውና ውሃ በጠርሙስ ይቀመጥላታል።

ሰማያዊዋ የኒባልዶ ናት፥ ከቻኛራል ወዲህ፤
እናቱ ዶኛ ኤርሲሊያ፥ በወሩ መጨረሻ እሑድ፥
አውቶቡስ ታስቆምና ትወርዳለች በዚህ።
የሞቀውን ውሃ ደፍታ ቀዝቃዛ ትሞላለች፤
እኔን ካገኘችኝ ሁልጊዜ ያንኑ ትጠይቃለች፦
«ደክሞት ነበር አይደል? ማዕድን ቤት ሁለት ፈረቃ ሠርቶ?»
«አዎ፥ ዶኛ» እላለሁ። «እንቅልፍ ነው። አንቀላፍቶ።»

ግን እኔ ነኝ ያን ሌሊት ከፖሊስ ቀድሜ የደረስሁት፤
ፒካፑን ጨው ጫኝ መኪና ሥር ተሸጉጦ ያገኘሁት።
ሬዲዮው ይዘፍናል፥ ምንም እንዳልሰማ፤
ሚስቱ ያስና በሕይወት አለች፥ በአንድ እግሯ ጫማ።
ከተጋቡ አሥራ አንድ ቀናቸው።
«ቀልድ ነበር» አለችኝ።
ምንም አልጠየቅኋትም።

የመኪናውን ቀበቶ ፈትተውት አየሁት፤
የሱሪውንም ቀበቶ ፈትተውት አየሁት፤
ያኔ ነው ያወቅሁት።

«ፍቅር ዕውር ነው» ይላሉ፤ እሺ፥ ዕውር ነው፤
ታዲያ ለዕውር መሪ ያስጨበጠው ማነው?
በሰዓት መቶ ሃያ የሚከንፍ መኪና፥
አንዲት ሰከንድ ብቻ፥ ዓይን ተከድና
እስክትገለጥ ድረስ፥ ሠላሳ ሦስት ሜትር
ባለቤት የሌለው ብረት ነው የሚበር።
ለእነሱ ስንት ሰከንድ እንደነበረች እንጃ፤
የፍሬን ጥቁር መስመር እንኳ የለም ለማስረጃ።

ጎንበስ አልሁ። ጣቴ ይንቀጠቀጣል።
ሸሚዙን ቆለፍሁለት፤ ሦስተኛው ቁልፍ ወልቋል።
ቀበቶውን አሰርሁለት፤ የሱሪውን ማለቴ ነው፤
የሌላውማ ሰዓቱ አልፏል፤ ባስረውስ ለማን ነው?
የሞተሩን ቁልፍ አዞርሁት፥ አጠፋሁት፤
ሬዲዮውም ዝም አለ። ያኔ በረሃውን ሰማሁት።
ካራቢኔሮው መጣ፤ ደብተሩን ዘርግቶ እየጻፈ፥
«ቀበቶ አስሮ ነበር?» አለኝ።
«የትኛውን?» ልል ብዬ አፌ ላይ ከሸፈ።

የጨው መኪናው ሾፌር ዴልፊን፥ ጭረት እንኳ ያላገኘው፥
ምንም ያላጠፋው፥
መሪ አልይዝም ብሎ ጎማ ሲለጥፍ ነው የሚውለው።
የእሱን ጎጆ ማን ይሥራ፥ ነፍሱ መንገድ ላይ ቀርታ እሱ ቤቱ ላለው?
ያስናም አንድ ጊዜ መጣች፤ ከታክሲ አልወረደችም፤
ከኋላ ወንበር ሆና አየች፤ ከዚያ ወዲህ ከፊት አትቀመጥም።

የእኔ ክሬን ከፍ ያለ ነው፤ ሌሊት ቁልቁል ያሳያል፤
ሁለት ሰው የገባበት መኪና አንዳንዴ በአንድ ራስ ያልፋል።
ጡሩምባዬን እነፋለሁ እስኪሰነጠቅ ሰማይ፦
አቁሙ! ዳር ያዙ! በረሃው ሰፊ አይደል ወይ?
ይህን ሁሉ ሜዳ ይዞ ለመሳም የጠበበው ማነው?
«ቀናተኛ ሽማግሌ!» ይሉኛል። ይበሉኝ፤ ልማዴ ነው።

እናቱ ግን ባለፈው እሑድ ሌላ ጥያቄ አመጣች፤
«ሸሚዙን የሰፋሁት እኔ ነኝ» አለች፤
«ስድስት ቁልፍ ነበረው፤ ሲመልሱልኝ አምስት።
ሦስተኛውስ የት ዋለ?»
«አላየሁም» አልኋት።
ያ ነጭ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ፥ ከክሬኑ ቁልፍ ጋር፥ ተቃጨለ።