ውሃ ልክ

ከተራ ነው ዛሬ፤ ከተማው በሙሉ ወርዷል ወደ ቀሃ፣
ታቦት አጅቦ አድሮ፣ ጎህ ሲቀድ ሊረጭ ውሃ።
እኔም ውሃ እጠብቃለሁ፣ አዘዞ፣ ከብቅል ፋብሪካው ጓሮ፣
ጣት በምታህል መስተዋት፣ በሁለት ቀይ መስመር ታጥሮ።

ሦስተኛ ፈረቃ ነኝ። ስድስት ባር ይላል ጌጁ።
ያስረከበኝም ፈርሟል፣ «ሰላም ነው» ብሎ በእጁ።
ሰው ጩኸት ነው ይለዋል፤ እኔ ቃል በቃል ሰማሁት፤
ትናንት ሲያስነጥስ ነበር፣ በርነሩን ፈትቼ ጠረግሁት።

ጋሽ አዛናው ነው ያስተማረኝ፣ በግራ ጆሮው የማይሰማ፤
«ስማ» አለኝ፣ «ይህ ጋን አንድ ቀን ሳታስበው ቢጠማ፣
መስተዋቱ ባዶ ቢሆን፣ ውሃ እንዳታጠጣው አደራ!
እሳቱን ግደል መጀመሪያ።
የጋመ ብረት ቀዝቃዛ ሲጎነጭ ይዞህ ይሄዳል ከነጣራ።»

ገረመኝ። እኛ ቤት ውሃ የጠየቀ አይመለስም፤
እናቴ ከተጣላችው ጋር እንኳ በውሃ አትቀየምም።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ግድም መብራቱ ሄደ፣ ተመለሰ።
በርነሩ ነደደ። ፓምፑ ግን ቀረ፣ ትንፋሽ እንኳ አልተነፈሰ።
ደወሉ ከሐምሌ ወዲህ ዲዳ ነው፤ «ዕቃው ታዟል» ተብሏል።
ሽንት ቤት ደርሼ ስመለስ፣
ወይ ጉድ፣ መስተዋቱ ነጥቷል።

ስልኩ ጮኸ። «ውሃ ልቀቅበት!» አለ የፈረቃው ሹም ይርዳው፣
«ሁለት መቶ ኩንታል ብቅል ማድረቂያ ላይ ነው፣ እንዳትጎዳው!»
እጄ ወደ ፓምፑ ቁልፍ ሄደ፤ የእናቴ እጅ ነው አመሉ።
ከዚያ አደራው ትዝ አለኝ።
ዞርሁ። እሳቱን ገደልሁ በሙሉ።

ብረቱ ሲበርድ ቋ ይላል። ቋ። ከዚያ ደግሞ ረጅም ዝምታ።
ጥግ ይዤ ስቆጥር አደርሁ፤ መቶ ሃያ ላይ ቁጥሩ ጠፋኝ በጨለማ።

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ፦ የአሥር ቀን ደመወዝ ቅጣት፣
ምክንያት፦ ያለ አለቃ ፈቃድ እሳት በማጥፋት።
ፈርሜ ወሰድሁ። ምን ልበል?
ያልፈነዳ ነገር ምስክር የለው፣ ጠባሳ የለው፤
እነዚያ አሥራ አራት የሌሊት ሠራተኞች ቁርሳቸውን በልተው ተኙ፣
ይኸው ነው ማስረጃው።

ያን ዕለት ጧት ግን፣ ገና ደብዳቤው ሳይጻፍ፣
ትርንጎን አገኘኋት ከፋብሪካው በር ደጃፍ፤
ቀሚሷ ርሶ ከሰውነቷ ተጣብቋል፣ ጸጉሯ ይንጠባጠባል፣
በእጇ ባለው ሃይላንድ ግማሽ ጠበል ይናወጣል።
«ጠጣ» አለችኝ። ግንባሬን ዳሰሰችና እጇን ሰበሰበች።
«ቆይ» አልኋት፣
«ገና አልበረድሁም።»
ክዳኑን መልሳ አጠበቀች፣
ከጎኔ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።