መልስ

ደሴ፣ ፍርድ ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣
ጦሳ በመስኮቱ ጉም ለብሶ ሲታይ፣
አባቴን አቆምነው።
«አቆምነው» የሚለው ቃል እስካሁን ያመኛል፤
የሸሚዙን ቁልፍ የቆለፍኩለት እኔ ነኝ፤ ይቆጨኛል።

አመልካች ጦይባ አሊጋዝ።
ተጠሪ አሊጋዝ ሙሄ።
ዕድሜዬን ሙሉ ስሙ ከስሜ ጎን ነበረ፤
ያን ዕለት በመሃል መስመር ተሰመረ።

ወንድሜ ኑርዬ ማስረጃውን ዘረጋ፦
ሦስት ጊዜ የተከፈለ የአንድ ወር የመብራት ቢል፣
የኮምቦልቻውን ጋራዥ በፍየል ዋጋ የሸጠበት ውል፣
ከሆስፒታል የመጣ፣ ማህተሙ የደበዘዘ፣
«የማስታወስ ችሎታው» የሚል፣ «እጅግ የፈዘዘ»።
እውነት ነው። ሁሉም እውነት ነው።
ሌሊት ተነስቶ የመኪና ቁልፍ ፍለጋ ሲወጣ
ቦርከና ዳር፣ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ያገኘነው
እኛው ነን፤ ሌላ ሰው አልመጣ።

የኤንትሬ ሹፌር ነበር፤ ሠላሳ ዓመት በአሰብ መንገድ፣
ጨው ይዞ የሚወጣ፣ ቡና ጭኖ የሚወርድ፤
የኪሎ ሜትሩን ድንጋይ በየስሙ እየጠራ፣
ጎማ በፈነዳ ሌሊት ከኮከብ ጋር ያወራ።
ዛሬ ከመኝታው እስከ ሽንት ቤቱ በር
ስድስት እርምጃው መንገድ የማያውቀው አገር።

ዳኛው ልጅ እግር ናቸው፤ በቅርቡ ነው የመጡት።
ወንበር አስመጥተው ሰጡት።
«አባባ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?» አሉት።

አዳራሹ ጸጥ አለ፤
የጸሐፊዋ ጣት ኪቦርዱ ላይ ዋለለ።
አባቴ በመስኮቱ ወደ ምሥራቅ አየ፣
ከንፈሩን ላስ አደረገ፣ ትንሽም ዘገየ፦
«ዛሬማ መንገዱ ይዘጋል። ግመሉ፣ ፍየሉ፣ ሰዉ…
በጊዜ ካልወጣን ባቲን አናልፈው።»
«የጠየቅሁት ቀኑን ነው» አሉ። እሱም ደገመ፤
«ባቲን አናልፈው» ብሎ፤ ድምጹ ደከመ።
ጸሐፊዋ ጻፈች፦ አላወቀም።

ሰኞ ነበር።
የባቲ ገበያ ሰኞ ነው የሚቆም፤
ይህን የኮምቦልቻ ሰው ሆኖ የማያውቅ የለም።
ኑርዬ አየኝ። አየሁት።
እውነቱን እንደ ክኒን፣ ያለ ውሃ ዋጥኩት።
«ክቡር ፍርድ ቤት፣ መልሷል እኮ!» ልል
አፌ ተከፍቶ ነበር።
ግን ጋራዡ አለ፤ ደላላው አለ፤
ሌሊቱ አለ፤ ውሃው አለ።
ጫማዬን አየሁ።

ተፈረደ።
አይሸጥ፣ አይለውጥ፣ አይፈርም፣ አያበድር፤
ሞግዚት ሆና ልጁ በስሙ ታስተዳድር።
ሞግዚት!
ጥርስ ላላወጣ ሕፃን የሚቀጠር ሰው አይደል እንዴ?
እርሳስ አስይዞ ስሜን መጻፍ ያስተማረኝን እጅ
ሐምራዊ ቀለም ውስጥ ነከርኩት፤
አሻራውን ሲተው ጣቱን ጠረግሁለት።
ቀለሙ አልለቅ አለ።

በሐረጎ ወረድን፤ ሚኒባስ፣ የፊት ወንበር።
በየመጠምዘዣው የአባቴ ቀኝ እግር
የሌለ ፍሬን ይረግጣል፤
ጥምዙ ሳይመጣ እግሩ ይቀድማል።
አንዱንም አልሳተ።
ዳኛው ይህን አልጠየቁትም።
ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ሾፌሩ ልጅ ስልክ እያወራ ሲበር፣
«ማርሽ ቀንስ!» አለው፣ ያ የድሮው ድምጹ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ እንደ አለቃ ነገር።
ልጁ ዞሮ አየው።
ቀነሰ።

ኮምቦልቻ ስንገባ ረዳቱ እጁን ዘረጋ።
«ሒሳብ በኔ ነው» አለ አባቴ፣ ኪሱን ሲፈትሽ፣ ሲዘጋ።
ባዶ ነበር።
ከወንበሩ ሥር መቶ ብር አቀበልኩት፤
ከፍርድ ቤቱ ወረቀት ጋር ታጥፎ ነበር የያዝኩት።
ለረዳቱ ሰጠው፣ ኮቱን አስተካክሎ።
ጠበቀ።
በሩ ተከፈተ፤ ሰው ወረደ። አሁንም ጠበቀ።
«የኔ ልጅ» አለ፣
«መልሴስ?»