በፊት በር

ረቡዕ ከሰዓት ነው። ከልደታ ወረድ፣
ከባቡሩ መስመር፣ ከአምዶቹ ሥር ስንሄድ፣
አባቴ ታጠፈ፣ የአጥሩን ጥግ ይዞ፣
ዐይኑ ሌላ እያየ፣ እግሩ በልማድ ታዞ።
«አባዬ፣ በዚህ ነው፤ እንግዶች ነን ዛሬ»
ብዬ ክንዱን ስስብ፣
«በዚህ ገብቼ አላውቅም፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሬ።
ይኼ የጌቶች ነው፤ የኛማ ቆርቆሮው፣
በርሜል አጣቢዎች የምንወጣበት፣ በስተጓሮው፤
ማታ ማታ አፍ አስከፍቶን ዘበኛው
ጠጪውን ካልጠጪው በአፍንጫ የሚለየው።»

ስጦታው የመሥሪያ ቤቴ ነው፣ የኢንሹራንሱ፤
ሒሳብ ክፍል ኃላፊ ሆንሽ ብለው ሲደግሱ፣
«የወይን ቅምሻ፣ በግል፣ ለሁለት ሰው» የሚል
ካርድ በፖስታ ሰጡኝ።
«ከማን ጋር ነው?» አሉ፣ ዐይናቸው እየሳቀ፤
«ከአባቴ ጋር» ስል ጨዋታው እዚያው አለቀ።

ምድር ቤቱ ይበርዳል፣ ጉልበት ይፈታተናል።
ሶሊያና የምትባል ልጅ፣ ጥቁር ሽርጥ ያሰረች፣
አምስት አምስት ብርጭቆ፣ እግረ ቀጫጭን፣ ደረደረች፤
አይብም በጣውላ ቆራርጣ አቀረበች።
አባቴ በጣቱ ገፋ አደረገና
«ዕለቱ ረቡዕ ነው» አላት በትሕትና።
ደንግጣ ሮጠች፤ ቆሎ ይዛ መጣች።

«አዙሩት» አለች፤ አዞርነው።
«አሽትቱት» አለች፤ አሸተትነው።
«ቼሪ አለው፣ ቫኒላ፣ ከሩቁ ትንባሆ…»
ቼሪን ከኬክ ላይ ነው የማውቃት፣
ድምቡልቡል፣ ስኳር የነከራት።
እኔ የመጣልኝ አጋም ነው፣ ጥርስ የሚያጠቁር፣
እሾሁ ክንዴን የቧጠጠኝ ከትምህርት ቤት አጥር።
ግን «አጋም» ብላት ትስቅብኛለች ብዬ
«አዎ፣ ቼሪ» አልኳት።

«ሲበቃችሁ ትፉት» አለች፣ ባልዲውን አሳይታ፤
«አለዚያ አምስተኛው ላይ አትደርሱም።»
አፈርኩ። የሰው ቤት መጠጥ እንዴት ይተፋል?
እሱ ግን ጎንበስ ብሎ
እንትፍ አለ፤ ደግሞም እንትፍ፣
ሽማግሌ እንደሚመርቅ፣
ባልዲውን፣ ወለሉን፣ ልጅቷን ጭምር።
«አሜን» ልል ትንሽ ቀረኝ።

አራተኛው ቀይ ነው፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ።
«እዚህኛው ላይስ፣ እህቴ፣ ምን ይሸትሻል?»
እርጥብ እንጨት። የድኝ ጭስ።
ከዚያ ሁሉ ሥር ደግሞ
የተክለ ሃይማኖቱ አንድ ክፍል ቤታችን፣
ከበሩ ጀርባ፣ ሚስማሩ ላይ፣
እጅጌው ወይን ጠጅ የመሰለ ካኪ ካፖርት፣
ክረምት ሲሆን የምከናነብበት፤
ልጆች «የሰካራም ልጅ» ያሉኝ በሱ ሽታ፣
አባቴ ጠላ እንኳ ሳይቀምስ ለአንድ ማታ።
ልጅቷ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች።
«ካፖርት» አልኳት።
አሰብ አድርጋ
«ኦክ» ብላ ጻፈችልኝ።

እሱ ተነሥቶ ከበርሜሎቹ አንዱን
በጣቱ አንጓ መታ አደረገው፣ ጆሮውን ሰጥቶ።
«ይኼ ጎድሏል» አለ።
«ሙሉ ነው፤ መዝገቡ ላይ አለ» አለችው።
ሌላ አልተናገረም። እጁን በመሐረብ ጠረገ።
አምስተኛውን አልተፋም፤ ዋጠው።
ዐይኑን ጨፍኖ ቆየ።
«እንዴት ነው?» አልኩት።
«ይመራል» አለ፤ «እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ዘመን
ጣፋጭ ነው እያልኩ ነበር የማጥብለት።»

ስንወጣ መሽቷል። ባቡሩ ከበላያችን
መብራቱን ጭኖ ወደ ሜክሲኮ አለፈ።
የፊት በሩ ዘበኛ ጢም ያላወጣ ልጅ ነው፣
ስልኩን እያየ ነበር።
አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ጠጋ አለው፤
አፉን ከፈተለት፣
ትንፋሹን ለቀቀ።
ልጁ ግራ ገባው፤ እሱን አየ፣ እኔን አየ።
«አባት፣ ምን ልታዘዝ?»
አባቴ አፉን አልዘጋም።
እለፍ እስኪለው
ይጠብቃል።