የተጣለ ካርታ

ሸዋ በር፣ ደሴ፣ ከጸጉር ቤት በላይ፣
ባለ አንድ አምፖል ክፍል፤ እኔ ካርታ አዳይ።
ቀን ልብስ ሰፊ ነኝ። «ጣቱ ክር የለመደ
ወረቀት አይስትም» ብሎ ነው ያስገደደ
ጋሽ እርገጤ፣ ባለቤቱ፣ የዚህ ሁሉ ጠንሳሽ፣
ካርቶኑ ያልተቀደደ ፍሪጅ ለአሸናፊ ደጋሽ።

አርባ ሰው ነበር ቅዳሜ፣ ከቀትር ሲጀመር፤
ገሚሱ እየሳቀ ሄደ፣ ገሚሱ እኔን ሲያማርር።
ገንዘብ ከጣውላው ላይ የለም፤ ቆርኪ ነው የተቆለለው፤
የቢራው አስር፣ የለስላሳው መቶ፣ የዛገው ሺህ ነው።

አሁን ሦስት ቀርተዋል።

አንዱ ሙሄ ሹፌሩ፣ ከመርሳ ሽንኩርት የጫነ፣
ፖከር የሚባለውን ከጅቡቲ ወደብ ለምዶ ያስለመደነ፤
ሐረጎን ጉም ቢውጣት ደሴ ላይ አደረ።
«ለቁማሩ አይደለም፣ ለጉሙ ነው» ይላል፤
ሽንኩርቱ ግን ከታች በሸራው ሥር ይበቅላል።

የሻረግ ሁለተኛዋ፤ ከሱቄ ማዶ እርጎ ትሸጣለች፤
ከካርታዋ ይልቅ ፍሪጁን ደጋግማ ታያለች።
«ስንት ሊትር ይይዛል?» ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀች፣
ሦስቴም ቆርኪዋን ገፍታ ሦስት ወንድ አስወጣች።

ሦስተኛው መምህር አስማረ፤ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ፤
አይስቅም፣ አያስነጥስም፤ ሻዩ ሳይነካ አደረ።
ጣቱ ብቻ በጣውላው ጠርዝ
አንድ የማይታይ ቁጥር ያካፍላል።

ሙሄ በዘጠኝ ሰዓት ወጣ። ሁለት አስ ይዞ ነበር፤
የሻረግ አምስት አበባ ዘረጋች፣ ሁሉም ካንድ ሰፈር።
ሳቀ፤ ጃኬቱን ደረበ፤ ወደ መስኮቱ ሄደና
«ገና ነው ጉሙ» አለ። ተመልሶ ተቀመጠ እንደገና።

ሁለት ቀሩ። አምፖሉ አንዴ ፈዘዘ፣ ተመለሰ፤
ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ እስከ አንገቴ ደረሰ።
በወዝኩ፤ ሁለት ለእሷ፣ ሁለት ለእሱ፣
በደረታቸው ተኙ እስኪነሱ።
መሐል ላይ አንድ በአንድ ገለጥኩ፦
ንጉሥ፣ ሰባት፣ ሦስት፣ ዘጠኝ፣ በመጨረሻ ሁለት፤
ቀለማቸው ድብልቅ፣ እንደ አውቶቡስ ተሳፋሪ
አንዱ ካንዱ የማይዛመድበት።

የሻረግ ክምሯን በሁለት ክንዷ አቅፋ ገፋች፤
ድምጿ አልራደም፤ ከሥር ግን በጉልበቷ ጣውላውን መታች፤
ቆርኪዎቹ ተንሾካሾኩ።
መምህሩ ሰማ።
እኔም ሰማሁ።

መነጽሩን አወለቀ፤ በሸሚዙ ጠርዝ ጠረገው፤
መልሶ አላጠለቀም፤ አጥፎ ከኪሱ ከተተው።
ከዚያ ሁለቱን ካርታ፣ እንደታረመ ደብተር፣
ወደ እኔ ገፋቸው፤ «ወጥቻለሁ» አለ፣ ሌላ ቃል ሳይጨምር።

የሻረግ እልል አለች፤ ሙሄ ወንበር ላይ ወጣ፤
ጋሽ እርገጤ ከነብርድ ልብሱ ካንቀላፋበት መጣ።

እኔ ካርታ ሰበሰብኩ። የእሷን እንደተኙ፣ በደረታቸው፣
ሳላይ ከሌላው ቀላቀልኳቸው።
የእሱ ግን ከአውራ ጣቴ ሥር ተንሸራተው ተገለጡ፦
ንጉሥ። ንጉሥ።
ከመሐሉ ጋር ሦስት ነገሥታት፤
በዚያ ጣውላ ላይ ከእነሱ የሚበልጥ እጅ
ከየትም ሊመጣ አይችልም ነበር።
ይህን ልብስ ሰፊ ካወቀው፣
የሒሳብ መምህር ያጣዋል?
ያጣዋል ይሆናል። መነጽሩ ከኪሱ ነበር።
ለደከመ ዓይን ንጉሥም ወታደር ይመስላል።
ቶሎ በወዝኳቸው። ሰባት ጊዜ።

በሳምንቱ ሱሪ ይዞ መጣ፣ እግሩ ሊታጠፍ፤
ሜትሬን ይዤ ተንበረከክሁ፣ ጥያቄዬ ከከንፈሬ ጫፍ።
«መምህር...» ስል «ርዝመቱን ብቻ ለካ» አለኝ።
መነጽር አላደረገም። ከመንገዱ ማዶ
በጠመኔ የተጻፈውን ጮክ ብሎ አነበበልኝ፦
«ቀዝቃዛ እርጎ አለ።»

ከሩቅስ ያያል።
ከቅርብስ?
ክሩን በምራቄ አርጥቤ ወደ ብርሃኑ ዞርኩ፤
የመርፌውን ቀዳዳ ሦስት ጊዜ ሳትኩ።